ከቫልቩ ሥር ያለችው ቀይ ነጥብ

ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚልበት ቀን አለ። ጋሽ ፊውዝ እንዲህ ያለ ቀን የገጠመው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ሸክላ አስቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓለሙን ሲቀጭ።

ፊውዝ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊነት ነው። ቶሎ ቱግ ይላል። አንዱ ተረበኛ «የዚህ ሰውዬ ፊውዝ ቀጭን ነው፣ ለትንሹም ለትልቁም ይቃጠላል» አለና ስሙ በዚያው ጸና። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰፈሩ የሚጠራው በዚሁ ነው፤ እሱም አቤት ይላል፣ ምን ያድርግ።

ጡረታ ሲወጣ ለራሱ አንድ ነገር ሠራ፦ የሸክላ ማጫወቻው አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማጉያው። ሳጥኑን በጥሩ እንጨት አሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ከፊት ለፊቱ ወንፊት አድርጎለት፣ ሳሎኑ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ሲበራ በወንፊቱ ውስጥ ቫልቮቹ ፍም መስለው ይታያሉ። ቫልቭ ስላችሁ የውሃ ቧንቧ መዝጊያ እንዳይመስላችሁ። ትራንዚስተር የሚባለው ሳይመጣ በፊት ሬድዮኑንም የፋብሪካውንም መቆጣጠሪያ ያንቀሳቅስ የነበረው የመስታወት አምፖል ነው፤ ከሥሩ እግሮች አሉት፣ ውስጡ አየር የለውም፣ ክሩ ሲግል ይቀላል። ሴት ልጁ ሕፃን ሳለች «አባዬ፣ ውስጡ ምንድን ነው ያለው?» ብላ ብትጠይቀው «ትንሽ ፀሐይ ተኝታበት ነው» ብሏት፣ ትምህርት ቤት ሄዳ ከአስተማሪዋ ጋር ተጨቃጭቃ መጥታለች። አስተማሪው ቢላት ቢላት አልሰማችም። «አባቴ ካለ አለቀ» ነው ያለችው። አድጋም፣ አግብታም፣ አሁን ሆዷ ገፍቶ የመውለጃዋ ወር ደርሶም ይቺን አባባል አልተወቻትም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቱ ከፈተች። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ከኋላው የአሁኗ ኤሌክትሪሺያን አለች። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ጠርጎ አይጠግብም። ባለቤቱ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ ነው» እያለች አስገባቻቸውና ሰውየውን የት ብታስቀምጠው ጥሩ ነው? አምፕሊፋየሩ ጎን! ጉልበቱ ወንፊቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ሽማግሌው ተኛብን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሽማግሌው ሰው አይደለም። ወረቀቱ የሚጠቀለልበት ማሽን መቆጣጠሪያ ነው፤ ቁም ሣጥን የሚያክል የብረት ሳጥን፣ ውስጡ በሙሉ ቫልቭ። ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውን ጉተታ እኩል የሚያደርገው እሱ ነው፤ ጉተታው ከበዛ ወረቀቱ ይበጠሳል፣ ካነሰ ጥቅሉ ይልፈሰፈሳል። ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ሥራ ስለማይጀምር ነው ሠራተኛው ሽማግሌው ያለው።

ኤሌክትሪሺያኗ ነገሩን አፍታታችው። «ሁለቱ ትልልቅ ቫልቮች ደክመዋል። መለወጫ ላወጣ መጋዘን ሄድኩ፤ ካርቶናቸው አዲስ፣ ውስጡ ያለው ሙት። መፈተሻው ላይ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አንድም ነፍስ ያለው የለም። አናታቸው ንጹሕ ነው፣ በዐይን አይለዩም።»

ጋሽ ፊውዝ የዘረጋውን እግር ሰበሰበ።

«አንድ ሰው ጥሩዎቹን አውጥቶ አሮጌ ከቶበታል» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው አንድ ሰው እጅ ነው። የልጅዎ አማት መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰሙት ብዬ ነው ራሴ የመጣሁት። ማሰናበታችን አይቀርም።»

የመጋዘኗ ሴትዮ እትዬ ቁልፍ ናት። ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ሳይንሿሿ የታየችበት ቀን የለም። ባሏን ቀብራ አንድ ልጇን በዚያ መጋዘን ደሞዝ አሳድጋለች፤ ያ ልጅ ነው የጋሽ ፊውዝን ልጅ ያገባው። ድሮ «አንተ»፣ «አንቺ» ተባብለው፣ ተሰዳድበው ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች፣ ልጆቻቸው ከተጋቡ ወዲህ አንቱ ተባብለው አንገታቸውን እየሰበሩ ነው የሚነጋገሩት።

ይሄ ሁሉ ሲወራ ሸክላው ይዞራል። ሥራ አስኪያጁ ከሐዘኑ መለስ ብሎ ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አዘነበለ። «እንዴት ያለ ድምፅ ነው ጋሼ! ለመሆኑ ይሄን የመሰለ ነገር ከየት መጣ?»

ባለቤቱ ፊቷ በራ። «ራሱ ነው የሠራው! ዕቃውን ከየትም ከየትም ለቃቅሞ!»

ከየትም ከየትም! የሚፈለጉት ቫልቮች በሥራ አስኪያጁ ጉልበትና በወንፊቱ መካከል ባለችው ቦታ፣ ያለ ምንም ሐፍረት ቀልተው እየዘፈኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ ያ ማሽን ተጥሎ አዲስ ሊገዛ ነው የሚል ወሬ ነበር። እሱ በየዓመቱ መጋዘን ገብቶ መለዋወጫ ቫልቮቹን ይፈትሻል። እትዬ ቁልፍ ዝንብ እንኳ የማታስገባ ሴት ናት፤ እሱን ግን ብቻውን ትታው ሻይ ልትጠጣ ትወጣለች፣ «አንተማ ያንተው ቤት ነው» ብላ። በመጨረሻው ፍተሻ ላይ ጥሩ ጥሩዎቹን በምሳ ቦርሳው ከተተ፣ ከሽማግሌው የወጡትን ደካሞች በአዲሱ ካርቶን አሸገ። በር ላይ ዘበኛው ቦርሳውን ፈትሾት አያውቅም። «ሊጣል ነው፤ እኔ አልወሰድኩም፣ ከመጣል አዳንኩ» አለ ለራሱ። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? ሰው እኮ ለራሱ ጠበቃ ሲቆም አንደበቱ ይጣፍጣል! ኋላ አዲሱ ማሽን ውድ ሆነና ሽማግሌው አልተጣለም። ያን ጊዜ መመለስ ይችል ነበር። አልመለሰም፤ ድምፁ ጥሞት ነበር።

«ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ» አለ ጋሽ ፊውዝ። «አንድ... አንድ የማውቀው ሰው ጋ ሊኖር ይችላል።»

እንግዶቹ እንደወጡ ወንፊቱን ፈታ። ዕድሜውን ሙሉ «ሳይቀዘቅዝ አትንኩ» እያለ ሰው ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ የጋለውን ቫልቭ ጨብጦ ጣቶቹን አቃጠለ። ዘፈኑ ተቆረጠ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምነው አቋረጥከው?»

«ለፋብሪካው ልሰጠው ነው። ከነሱ ጋ ይገጥማል።»

«ደግ አደረግክ! ማሽኑ ከተነሳ ያቺን ምስኪንም ይተዋት ይሆናል።» ደግሞ ጨመረችበት፦ «አንተ እኮ ፊውዝህ ቀጭን ነው እንጂ ልብህ ወርቅ ነው።»

ወርቅ አለችው፤ እሱም የተቃጠለ ጣቱን ነፋ።

ሰኞ ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ከወንበሩ ዘልሎ ተነሳለት። ጋሽ ፊውዝ ቫልቮቹን በካልሲ ጠቅልሎ ይዟል፤ ሐሳቡ በቀጥታ ሽማግሌው ጋ ሄዶ ሰክቶ፣ ማሽኑን አስነስቶ፣ ወሬ ሳይነሳ ውልቅ ማለት ነው። ግን ያቺ ፋብሪካ ሕግ አላት፤ ያወጣውም ራሱ ነበር። በመጋዘን መስኮት ያላለፈ ዕቃ፣ ወርቅም ይሁን፣ ማሽን ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪሺያኗ «ጋሼ፣ እርስዎ ያስተማሩን ነው» ብላ ወደ መስኮቱ መራችው።

እትዬ ቁልፍ በሰማያዊ ጋውኗ መስኮቱ ጀርባ ቆማለች። ዐይኗ አብጧል። «እንደምን አደሩ ጋሼ» አለች፣ አንገቷን ሰብራ።

«እግዜር ይመስገን። እንደምን አደሩ።» ካልሲውን አቀበላት።

ፈታችው። አንዱን ቫልቭ በመዳፏ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ገለበጠችው። ሥሩን አየች። ቀና አለች፤ እሱን አየች። እንደገና ሥሩን አየች። ሁለተኛውን ገለበጠች። ጋሽ ፊውዝ ግራ ገባው፤ ከሥሩ ምን አለ? እግሮቹ፣ መሀሉ ላይ ያለው ጉጥ፣ ከጉጡ አጠገብ አንዲት ቀይ ነጥብ። ያቺን ነጥብ ድሮም አይቷታል፤ ቫልቩን የሠራው ፋብሪካ ምልክት ናት፣ ፈታሹ ያለፈ ዕቃ ላይ የሚያደርጋት። ታዲያ ሴትዮዋን ምን አስደነገጣት?

እትዬ ቁልፍ ቫልቮቹን መልሳ በቀስታ ጠቀለለች። «ደህና ናቸው» አለች ለኤሌክትሪሺያኗ። «ይግቡ።»

ገቡ። ማብሪያው ተጫነ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሽማግሌው እስኪሞቅ ከብቦ ቆመ። ክሮቹ ቀሉ። ወረቀቱ ሳይበጠስ፣ ሳይልፈሰፈስ፣ ለስላሳ ሆኖ መጠቅለል ጀመረ። ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው! ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ፊውዝን አቅፎ ሳመው፤ ከዚያ ወደ ሠራተኛው ዞረ።

«እዩ! እኚህ ሰው ጡረተኛ ናቸው። ከቤታቸው፣ ከገዛ ደስታቸው ነቅለው አመጡልን። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ግን በአደራ የተቀበለውን ያወጣል። እንፈር!»

እትዬ ቁልፍ መጨረሻ ላይ ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ መሬት መሬቱን አየች፣ እሱም መሬት መሬቱን። ነገ ቁልፉን እንድታስረክብ እዚያው ተነገራት።

ጋሽ ፊውዝ መጋዘን ድረስ ተከትሏት ሄደ። መግባት ስላልደፈረ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ...»

«አንተ ሰው» አለችው። አንቱታው ቀረ። «ያቺ ቀይ ነጥብ ምን መስላህ ነበር?»

«የ... የፋብሪካው ምልክት።»

እትዬ ቁልፍ እጇን ዘረጋችለት። ጥፍሯ ቀይ ነው፤ ሁልጊዜም ቀይ ነው፣ «እጄ ዘይት ነው የሚነካው፣ ጥፍሬ ግን የሴት ይሁን» የምትል ሴት ናት። «እነዚያ ቫልቮች ሲገቡ አንድ በአንድ በዚሁ በጥፍር ቀለሜ ነው ምልክት ያደረግኩባቸው። የድሮዎቹ ላይ የለም። ቅዳሜ ካርቶኖቹ ሲከፈቱ ገልብጬ አየሁ፤ ባዶ። የኔ ልጆች የት ሄዱ ብዬ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ለካ ያንተ ቤት ሲዘፍኑ ኖረዋል! እናንተን ልጠይቅ መጥቼ፣ ሶፋህ ላይ ተቀምጬ፣ ዘፈኑ ጥሞኝ በእግሬ መታሁ እኮ!»

እሷ ስታለቅስ ቢያይ ይሻለው ነበር፤ አላለቀሰችም።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ብዬ? የምራቴ አባት ሌባ ነው ብዬ? ዛሬ ነገ የምትወልድ ልጅ አማቷ አባቷን አዋረደች እንድትል? ያ ልጅ ሲያድግ የትኛውን አያቱን ይመን?» ጋውኗን አወለቀች፣ አጣጠፈችው። «እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ስሜ ቢጠፋ ከኔ ጋር ይቀበራል። ሂድ አሁን። እንዳጨበጨቡልህ ሂድ።»

መውጫው በር ላይ ሁለቱ ተገናኙ፤ የፈረቃ መለወጫ ሰዓት ነው፣ ሰው ሞልቷል። ዘበኛው እትዬ ቁልፍን አስቆማት። «ይቅርታ እትዬ፣ ታዝዤ ነው» አለና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ማበጠሪያ፣ የምሳ ዕቃ፣ ለሚወለደው ልጅ የጀመረችው የክር ሹራብ፣ የጥፍር ቀለም። ሠራተኛው እያየ ያልፋል። ዘበኛው ሹራቡን ሳይቀር ገልብጦ አራገፈው። ከዚያ ቀና ሲል ጋሽ ፊውዝን አየ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይለፉ! እርስዎንማ!»

ይሄን ጊዜ ነው ፊውዙ የተቃጠለው። አላለፈም። ዞሮ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደረጃውን ወጣ፤ በሩን ሳያንኳኳ ገባ።

«ቫልቮቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ። የለወጥኳቸው እኔ ነኝ። ሌባው እኔ ነኝ።»

እንግዲህ ሰው እውነት ሲናገር መሬት ትንቀጠቀጣለች ብሎ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ ግን ብዕሩን አስቀመጠ፤ ዐይኑ ዕንባ አቀረረ።

«ጋሼ...» አለ። «እንዲህ ያለ ሰው አሁን የታለ? ለልጅዎ ትዳር ሲሉ ስምዎን ሊያጠፉ!»

«ስማኝ እንጂ ልጄ! እኔ ነኝ እያልኩህ!»

«ገባኝ ጋሼ። በጣም ገባኝ።» እትዬ ቁልፍን ከበር አስጠርቶ ጠየቃት፤ እሷም ጋሽ ፊውዝን ሳታይ «ለኔ አዝነው ነው» አለች። አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ተነስቶ የጋሽ ፊውዝን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠና በክብር በሩ ድረስ ሸኘው።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ነው። ወሬ እግር የለውም፣ ግን ሰውየው ቤቱ ሳይደርስ ቀድሞት ሰፈር ገባ። የማያውቁት ሰዎች ከመንገድ ዳር ተነስተው እጅ ነሱት። ጫማ ሰፊው መርፌውን ጨርቅ ላይ ሰክቶ ቆመለት። አንዲት አሮጊት «ዘርህ ይባረክ» አለችው። ሌባ ተብሎ ቢሰደብ ኖሮ ያንን ይችለው ነበር፤ ይሄንን ግን በምን ጀርባው ይሸከመው? ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቤቱ ገባ።

ባለቤቱ ከገበያ እየሮጠች ደረሰች። «አንተ ሰውዬ፣ የሚያወሩት እውነት ነው? ሌባ ነኝ ብለህ ዋሸህ አሉ፣ ለዚያች ሴት ስትል!»

«አልዋሸሁም» አለ ጋሽ ፊውዝ።

ባለቤቱ ሳቀች። ቀጥሎ አየችው። ቀጥሎ ጥግ ላይ ያለውን አምፕሊፋየር፣ ያንን ባዶ ሶኬቱ በወንፊቱ የሚታየውን ሳጥን አየች። ዘንቢሏ ከእጇ ላይ ሳይወድቅ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከየትም ከየትም...» አለች፣ ለራሷ። «እኔ ደግሞ ለሰዉ ሁሉ ስኮራብህ።»

ትጮሃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም፤ ራት አቀረበችለት፣ እሷ አልበላችም። ጠዋት ሲነሳ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጎን ቆማ አገኛት።

«በዚያ በኩል ያዝ» አለችው።

«ከባድ ነው፣ እኔ ብቻዬን...»

«ባንተ አዝኜ አይደለም። መንገድ ላይ ብትጥለው ማስረጃው ይሰበራል።»

ባልና ሚስቱ ያንን ሳጥን በዚህና በዚያ ይዘው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው መንገድ ሄዱ። ሰላም የሚላቸው ብዙ ነበር፤ እሱ እጁ ስለተያዘ አንገቱን እንኳ ማንሳት አቃተው። ሰው ንጽሕናውን ለማስመስከር ዕቃ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሌብነቱን ለማስመስከር እንዲህ የሚለፋ ግን ከሱ በፊት የሰማሁትም የለ።

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ርክክቡ ተጀምሯል። ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ኤሌክትሪሺያኗ አለች፣ የቁልፉ ዘለላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ቁልፍ ጋውኗን ለመጨረሻ ጊዜ ለብሳለች። ሳጥኑን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ይብቃዎት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ራስዎን አያሠቃዩ።»

ጋሽ ፊውዝ ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ የሳጥኑን ጀርባ ፈታ። ትልልቆቹ የነበሩበት ሶኬት ባዶ ነው፤ አጠገቡ ትንንሾቹ ቫልቮች አሁንም እንደተሰኩ ናቸው። አንዱን ነቀለ፣ ገለበጠ፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ከእግሮቹ መሀል ቀይ ነጥብ።

«ታዲያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የሷን ጥፍር እይ።»

እትዬ ቁልፍ እጇን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተች። ሥራ አስኪያጁ እሷንም ቫልቩንም እያፈራረቀ አየ። ያን ጊዜ የጋሽ ፊውዝ ባለቤት ጠጋ አለችና የሴትዮዋን ክንድ ያዘች።

«እትዬ፣ አውጪው» አለቻት። «ለኛ ብለሽ አትደብቂ። ለልጆቹም ብለሽ አትደብቂ። እኔ እናቷ ነኝ የምልሽ፣ አውጪው።»

እጇ ከኪሷ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ፣ ከቫልቩ ጎን አረፈ። ያው ቀይ ነው፤ ቫልቩ ላይ ያለውን ሙቀት አጠቆረው እንጂ ያው ነው። ኤሌክትሪሺያኗ በቀስታ «ሽማግሌው ውስጥ ያሉትም ከሥራቸው ቀይ ነጥብ አላቸው» አለች። «ትናንት ስሰካ አየሁት። የፋብሪካ ምልክት መስሎኝ።»

ጋሽ ፊውዝ ይሰድበኛል፣ ፖሊስ ይጠራል ብሎ ጠበቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን ትናንት የጋሽ ፊውዝን እጅ የጨበጠበትን የራሱን እጅ አይቶ ሱሪው ላይ ጠረገው። ሳያስበው ነው። ከዚያ የቁልፉን ዘለላ አንስቶ ለእትዬ ቁልፍ መለሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፤ «ሠራተኛው ባለበት ደግሞ እለዋለሁ።» ለጋሽ ፊውዝ ምንም አላለውም።

እትዬ ቁልፍ ቁልፉን ወገቧ ላይ አሰረች። አፍንጫዋን ጠረገች። ከዚያ መስኮቷ ጀርባ ገባች፣ መዳፏን በመስኮቱ ዘረጋች።

«የቀሩትም ይመለሱ» አለች።

ነቀለ፤ መዳፏ ላይ አስቀመጠ። ነቀለ፤ አስቀመጠ። እያንዳንዱን ትገለብጣለች፣ ነጥቧን ታያለች፣ መደርደሪያ ላይ ታቆማለች። በመጨረሻ ሳጥኑ ውስጥ ሽቦና ቀዳዳ ብቻ ቀረ።

በር ላይ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸዋል። ዘበኛው ከወንበሩ አልተነሳም። እጁም ግንባሩ ጋ አልሄደም። ግራ ተጋብቶ ሰውየውን አየ፣ ሳጥኑን አየ።

«አስቀምጡት» አለ በመጨረሻ።

አስቀመጡት። ጋሽ ፊውዝ ሳይታዘዝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ዘበኛው ኪሱን ዳበሰ፣ ሶኬቶቹን አየ፣ የሳጥኑን ሥር በመዳፉ አሰሰ። ጋሽ ፊውዝ እጁ በአየር ላይ እንዳለ ዞር ሲል እትዬ ቁልፍ ከመስኮቷ እያየችው ነበር። ይበለው ብላ ትመልከተው፣ ይገባኛል ብሎ ፊቱን ሰጣት። መጀመሪያ ዐይኗን የሰበረችው ግን እሷ ናት። አፈረችለት።

መንገድ ላይ ሲወጡ ባለቤቱ ወደ ቤት የሚወስደውን ትታ በግራ በኩል ታጠፈች። እሱ ቆመ፤ ሳጥኑ በመካከላቸው ተወጠረ።

«ቤታችን በዚህ ነው» አለ።

«ልጅህ ቤት በዚያ ነው። ሰው ሳይነግራት አንተ ትነግራታለህ። እኔ አፌን አልከፍትም።»

ጋሽ ፊውዝ ሳጥኑን እንደያዘ የመንገዱን መጨረሻ አየ። «እንደ ሥራ አስኪያጁ አላምንም ብትለኝስ?» አለ። ድምፁ ውስጥ፣ ይቅር ይበለውና፣ ትንሽ ተስፋ ነበረበት።

ባለቤቱ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗ ዕንባ ሞላ።

«እሷ?» አለች። «ያንተ ልጅ? አባቴ ካለ አለቀ ነው የምትለው።»

እሱም ያንን ያውቅ ነበር። በበኩሉ ያለውን ጫፍ ከፍ አድርጎ ተከተላት።